የትኛውን ማርከር ልግዛ? እንቁላል፣ ኳስና ሲኒ ላይ ለሚስል ማሽን

እንቁላል ላይ የሚስለውን ማሽን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ነው። በስንት ቮልት ይሠራል፣ በምን ፕሮግራም ነው፣ ከየት ገዛኸው። ስለ ማርከሩ የሚጠይቅ የለም። ሥዕሉን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን ማርከሩ ነው። ሞተሩ አንዴ ከተስተካከለ ትረሱታላችሁ፤ ማርከሩ ግን በየዕቃው እንደ አዲስ ያስጨንቃል። ስለዚህ ዛሬ ማሽኑን ትቼ የምገመግመው ማርከሮቹን ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገራችሁ። ማሽኑ እንቁላሉን በሁለት ጎን በላስቲክ ይዞ አግድም ያሽከረክረዋል። ከላይ ማርከር የያዘ ክንድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ትንሽ ሰርቮ ሞተር ማርከሩን ታነሳለች፣ ትለቃለች። በቃ ይኸው ነው። ሐሳቡ ብሩስ ሻፒሮ ከሚባል አሜሪካዊ የመጣ ነው፣ የመጀመሪያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1990። በኋላ በ2010 ኢቭል ማድ ሳይንቲስት የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት ኤግቦት ብሎ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው አድርጎ መሸጥ ጀመረ። የእኔ የዚያ ዘመድ ነው፤ ገላው በስሪዲ ፕሪንተር የወጣ፣ አርዱዊኖ በምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚሠራ፣ ሁለት ስቴፐር ሞተር (እርምጃ በእርምጃ የሚዞር ሞተር) እና አንድ ሚጢጢ ሰርቮ ያለው። ሥዕሉን ኢንክስኬፕ በሚባል የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም ላይ አዘጋጃለሁ። ከ3 እስከ 11 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ነገር ሁሉ ይገባበታል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ወረቀት ላይ ስትጽፉ እጃችሁ ሳይታወቃችሁ ብዙ ይሠራል። እስክሪብቶው እምቢ ሲል ጫን ታደርጉታላችሁ፣ ዘንበል ታደርጉታላችሁ፣ ጥግ ላይ ሞነጫጭራችሁ ታስነሱታላችሁ። ማሽኑ ይህን ሁሉ አያውቅም። ማርከሩን እንቁላሉ ላይ የሚያሳርፈው የራሱና የክንዱ ክብደት ብቻ ነው። ክብደት ልጨምርበት ብትሉ ደግሞ እንቁላሉ ከላስቲኩ ላይ ሸርተት ይልና ሥዕሉ ይዛነፋል፣ መጀመሪያና መጨረሻው አይገጥምም። ስለዚህ ማንኛውንም ማርከር ስገዛ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሳልጫነው ይጽፋል?

ሱቅ ውስጥ ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ማርከሩን ከቂጡ በሁለት ጣት ያዙት፣ ጫፉን ወረቀት ላይ አሳርፉትና ዝም ብላችሁ ጎትቱት። እጃችሁ እየመራው እንጂ እየተጫነው መሆን የለበትም። መስመሩ ሳይቆራረጥ ከወጣ ተስፋ አለው። ከቆራረጠ የቀለሙ ማማር አያታልላችሁ፣ መልሱለት።

በዚህ ፈተና መጀመሪያ የሚወድቀው ተራ እስክሪብቶ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ እንድትዞር ጫና ትፈልጋለች፣ ሻካራ ነገርም ትፈልጋለች። ለስላሳ ነገር ላይ ኳሷ ሳትዞር ትንሸራተታለች፣ ቀለምም አታወጣም። ጄል እስክሪብቶም ቀለሙ ቢቀጥንም ያው ባለ ኳስ ነው። የሳኩራው ጄሊ ሮል ወረቀት ላይ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ጄል ቀለምን እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያስተዋወቀውም ይኸው ድርጅት ነው። ግን የተሠራው ለወረቀት ነው። ወረቀት ቀለሙን ይመጥጣል፣ ፕላስቲክና ብርጭቆ አይመጥጡም። እኛ ጋ ደግሞ ዕቃው ይሽከረከራል፤ ያልደረቀ መስመር ዞሮ ተመልሶ ማርከሩ ሥር ይመጣል። ያኔ የሚሆነውን መገመት አያቅታችሁም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው የጫፍ ቅጥነት ነው። «በጣም ቀጭን ጫፍ ያለውን ልግዛ፣ ሥዕሉ እንዲጠራልኝ» ይላሉ። እስቲ እናስላው። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 40 ሚሊሜትር ነው፣ ዙሪያው 126 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ሞተሩ አንዱን ዙር በ3,200 እርምጃ ይጨርሳል። እንግዲህ አንዱ እርምጃ 0.04 ሚሊሜትር ነው። የምታገኙት ደህና ቀጭን ማርከር ደግሞ 0.4 ነው፤ ከማሽኑ እርምጃ አሥር እጥፍ ይወፍራል። ማሽኑ ከማርከሩ በላይ አጥርቶ ያያል ማለት ነው። ስለዚህ የሥዕሉን ዝርዝር የሚወስነው ማርከሩ ነው ማለቴ ለማጋነን አይደለም። ግን ደግሞ እጅግ ቀጭን ጫፍ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ጠርዝ ሲነካው ይታጠፋል። 0.4 ላይ ያለው ለእኔ ትክክለኛው ቦታ ነው። ከዚያ በታች የምወርደው እንቁላል ላይ ብቻ ነው፣ ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ የለመደ ሰው የማያስበው። ክብ ነገር ከወገቡ ወደ ጫፉ በሄዳችሁ ቁጥር ዙሪያው ይጠብባል። ኳስ ላይ ከወገቡ 60 ዲግሪ ስትርቁ ዙሪያው ግማሽ ይሆናል። ሞተሩ ግን አይመለከተውም፣ በዚያው ፍጥነት ነው የሚያዞረው። ስለዚህ እዚያ ማርከሩ እያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ እጥፍ ጊዜ ይቆያል፣ እጥፍ ቀለምም ይተፋል። ወገቡ ላይ ፀጉር የመሰለው መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ ይወፍራል፣ ይላቆጣል፣ መስመሮቹም እየተጠጋጉ አንድ ይሆናሉ። ቀለም በብዛት የሚያፈስ ማርከር የሚጋለጠው እዚህ ነው። አዲስ ማርከር ስሞክር ወገቡ ላይ አልሞክርም፤ ጫፉ አካባቢ ጠበብ ያሉ ክቦች አስደርጌ ነው የማየው። እዚያ ያለፈ ሌላው ቦታ አያሳፍርም።

እሺ፣ ወደ ማርከሮቹ።

ሻርፒ አልትራ ፋይን። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚጀምርበት ነው፣ እኔም አልለይም። ቀለሙ በአልኮል የተበጠበጠ ስለሆነ ወዲያው ይደርቃል። ቀለል ያለ ነው፣ ጫፉ ከነካ ይጽፋል። የቀለም ምርጫውም ሰፊ ነው። እንቁላል ላይ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ አልመክርም። ግን ባሕርዩን ማወቅ ያስፈልጋል። የአልኮል ቀለም ከታቹ ያለውን የአልኮል ቀለም ያሟሟዋል። ጥቁር ላይ ቢጫ ካስኬዳችሁ የቢጫው ጫፍ ጥቁሩን ይልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቢጫ ቢጫ አይደለም፣ ቢያንስ ብዙ እስኪሞነጨር ድረስ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ከፈዛዛው ወደ ደማቁ፣ ጥቁር መጨረሻ። ሌላው ደግሞ ማርከሩ ሳይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ከቆመ ነጥብ ይተክላል። ሰርቮዋ ካወረደችው በኋላ ሞተሩ እስኪነሳ የሚጠብቅባትን ቅጽበት ፕሮግራሙ ላይ አሳጥሩለት። እንቁላል ላይ በየመስመሩ መጀመሪያ የምታዩት ድፍን ነጥብ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ የማርከሩ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

እንቁላል ካልን አይቀር፣ የእንቁላሉም ነገር አለ። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ከላዩ ደግሞ ስስ የተፈጥሮ ሽፋን። ሽፋኑ ባለበት ቦታ ቀለሙ ይንሳፈፋል፣ በተላጠበት ቦታ ይሰርጋል፤ አንዱ መስመር ራሱ እዚህ ቀጥኖ እዚያ ይበተናል። ስለዚህ በትንሽ ኮምጣጤና ውሃ ጠረግ አድርጌ በደንብ አደርቀዋለሁ። ጠረግ ነው ያልኩት። ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ እንቁላል ቅርፊቱ ይሟሟል። ከፍሪጅ የወጣ እንቁላል ወዲያው ማሽኑ ላይ አይወጣም፤ ያልበዋል፣ ላብ ላይ ደግሞ ማርከር አይጽፍም። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ነው፣ አንዳንዱም ቅርጹ ወጣ ገባ ይላል፤ የፈረንጁ ትልቅና ነጭ ስለሆነ ቀለም ያጎላል። ለስጦታ ሲሆን ግን የሐበሻው ክሬም መሳይ መልክ ላይ ቡናማ ማርከር ሲያርፍበት ያለው ውበት ሌላ ነው።

ስቴትለር ሉሞከለር። የእኔ አንደኛ ይኸው ነው። ድሮ በፕሮጀክተር የሚታየው ላስቲክ ላይ አስተማሪዎች የሚጽፉበት የነበረው ማርከር ማለት ነው፣ ስለዚህ ከጅምሩ የተሠራው ለልስልስ ነገር ነው። ጫፎቹ በፊደል ይለያሉ። ኤስ 0.4 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 0.6፣ ኤም 1 ሚሊሜትር። እኔ ኤስን ለመስመር፣ ኤምን ለሙሌት እይዛለሁ፣ መሐለኛውን ባልገዛውም አይቆጨኝም። ቀለሙ ከመጠን በላይ አይፈስም፣ ስለዚህ ያ የነገርኳችሁ የጫፍ ፈተና ላይ ጥሩ ይዞ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ግን ክዳኑ ተከፍቶ ቢቆይም ቶሎ አለመድረቁ ነው። ኩባንያው ራሱ ለቀናት ክፍት ቢተው አይደርቅም ይላል። እኔ ቀናት አልተውኩትም፤ ግን አንድ ሥዕል አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ መብራትም መሐል ላይ ይሄዳል፣ ማርከሩም ክዳኑ ተከፍቶ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚህ አገር ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስትገዙ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ተመልከቱ። ሉሞከለር ሁለት ዓይነት ነው፦ የማይለቀውና በውሃ የሚለቀው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ቁጥሩን እዩ። የማይለቀው ባለ 0.4 ቁጥሩ 313 ነው፤ በውሃ የሚለቀው 311። ሻጩ አንድ ናቸው ቢላችሁ አትመኑት። ግን የሚለቀውንም አንድ ጥቁር እንድትይዙ እመክራለሁ፣ ለልምምድ። ብርጭቆ ወይ የገና ዛፍ ኳስ ላይ መጀመሪያ በሱ አስሉት፣ መሐሉ መግጠሙን፣ ጫፍና ጫፉ መገናኘቱን እዩ፣ ከዚያ በርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና በዋናው ድገሙት። ዕቃው ሳይነቃነቅ መጥረግ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ቢሆንም ውድ ብርጭቆ ከማበላሸት ይሻላል።

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ላይም ሉሞከለር ጥሩ ይቀመጣል። ኳሱ ላይ ያለውን የፋብሪካ ጽሑፍ ለማጥፋት ብዙ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፤ በጣም ልስልስ ባለው ብታደርጉት ይሻላል፣ ያለዚያ ቀለሙ ጭረቱን ተከትሎ እንደ ሥር ይበተናል። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሆንም፣ በተለይ አሮጌ ኳስ ከሆነ። ትልልቅ ውድድሮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ወደ ሌላ ፕላስቲክ እስኪያልፉ ድረስ ኳሶቹ የሚሠሩት ከሴሉሎይድ ነበር፣ ሴሉሎይድ ደግሞ በአሴቶን ይቀልጣል።

ሳኩራ ፒግማ ማይክሮን። የሥዕል ሰዎች ይምሉበታል። የሚገባውም ነው። 005 የሚባለው 0.20 ሚሊሜትር፣ 01 ደግሞ 0.25 ነው፤ ከ0.4 በታች የምወርደው እንቁላል ላይ ብቻ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ነጭ እንቁላል ላይ ጥቁር 01 ያወጣውን የመስቀል ሐረግ ያየ ሰው የታተመ ይመስለዋል። ግን ሁለት ነገር አለው። ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ መምጠጥ የሚችል ነገር ይፈልጋል። እንቁላል ይመጥጣል፣ ቅል ይመጥጣል፣ ያልተቀባ ሸክላ ይመጥጣል። ብርጭቆና ፕላስቲክ ላይ ግን አይያዝም፣ በጣት ይነሳል፤ ለዚያ አልተሠራም። ሁለተኛው ጫፉ ነው። በብረት ቱቦ የተያዘች ክር የምታህል ጫፍ ናት፣ ቀጥ ብላ ስትቆም ነው የምትጽፈው። ኳስ ላይ ችግር የለም፤ ክንዱ ኳሱን ተከትሎ ስለሚዞር የትም ቢሄድ ቀጥ ብሎ ያርፋል። እንቁላል ግን ኳስ አይደለም። ወደ ሹሉ ጫፍ ሲሄድ ማርከሩ ዘንበል ይላል፣ የብረቱ ጠርዝ ቅርፊቱን መፋቅ ይጀምራል። ሥዕሉን ወገቡ አካባቢ ባለ ሰፊ ቀበቶ ውስጥ ካዋላችሁት ማይክሮን ይክሳችኋል። ሹሉ ጫፍ ድረስ ላስኪደው ካላችሁ ወደ ሻርፒ ተመለሱ።

ፖስካ። ጥቁር ነገር ላይ ነጭ የምትፈልጉ ከሆነ ያለ እሱ መውጫ የለም። ከላይ ያሉት ሁሉ ቀለማቸው የሚያሳልፍ ነው፣ ጥቁር ላይ አይታዩም። ፖስካ ግን ማርከር ውስጥ የገባ የግድግዳ ቀለም በሉት፤ ይሸፍናል። ለማሽኑ የሚሆነው ጫፉ 0.7 የሆነው ነው፣ ፒሲ 1ኤምአር የሚባለው። ትልልቆቹ ይከብዳሉ፣ ሚጢጢዋ ሰርቮም ለማንሳት ታቃስታለች። ጣጣው ዝግጅቱ ነው። ትነቀንቁታላችሁ፣ ጫፉን ወረቀት ላይ ተጭናችሁ ቀለም ታስወርዳላችሁ፣ ትሞነጭራላችሁ፣ ከዚያ ነው ማሽኑ ላይ የሚሄደው። መጫኑ ወረቀት ላይ እንጂ እንቁላል ላይ እንዳይሆን! መሐል ላይ ቀለም ቢያንሰው ደግሞ ማሽኑ ራሱ ሊያስወርድለት አይችልም። ስለዚህ ረጅም ሥዕል ሲሆን በክፍል በክፍል ከፋፍዬ ነው የማስኬደው፤ በየመሐሉ አውጥቼ እነቀንቀዋለሁ፣ ሞንጨር አድርጌ እመልሰዋለሁ። ስትመልሱት ጫፉ ድሮ በነበረበት ከፍታ ላይ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ፣ ማርከሩ ገላ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ ይበቃል።

(ጀበና ላይ ብታስልበትስ ያላችሁኝ አላችሁ። ጥቁር ጀበና ላይ ነጭ ፖስካ፣ እኔንም አምሮኝ ነበር። ጆሮውንና አፉን ምን ልናደርገው ነው? አይዞርም። ትንሽ ክብ ቅል ፈልጉ።)

ፖስካን በተመለከተ ለአዲስ አበባ ሰው የሚሆን ምክር አለኝ። እነዚህ ማርከሮች ታሽገው የሚመጡት ከዝቅተኛ ቦታ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ያንሳል። ውስጡ የታመቀው አየር ክዳኑ ሲከፈትና ጫፉ ሲጫን መውጫ ይፈልጋል፣ ቀለሙንም ይዞት ይወጣል። አዲስ ቀለም ማርከር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ በሶፍት ሸፍናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ሰላም ነው። ሸሚዛችሁን የምትወዱ ከሆነ ይህን አትዝለሉት።

ሲኒ። ይኼ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው፣ ለሠርግ፣ ለቡና ቤት፣ ለስጦታ። እውነቱን ለመናገር ከላይ ያሉት ማርከሮች አንዳቸውም ለሚታጠብ ሲኒ አይሆኑም። የማይለቅ የሚባለውም ቢሆን የሚያብረቀርቅ ሲኒ ላይ በሙቅ ውሃና በስፖንጅ ከተፈተገ ውሎ አድሮ ይለቃል። ለዚህ የሚሠራው በምድጃ የሚጠነክር የሸክላ ማርከር ነው። እኔ የምመክረው የፈረንሳዩን ፔቤዮ ፖርሴሊን 150 ነው። ስሙ እንደሚለው 150 ዲግሪ ላይ ለ35 ደቂቃ ይጋገራል። ከመጋገሩ በፊት አንድ ቀን መድረቅ አለበት፣ አትቸኩሉ። ሲኒውን በቀዝቃዛ ምድጃ ውስጥ አስገቡና አብሮ ይሙቅ፤ ደቂቃው የሚቆጠረው 150 ከደረሰ በኋላ ነው። ቀጭን ጫፍ ያለው 0.7 አለ፣ እሱን ውሰዱ። ይኼኛውም እንደ ፖስካ መነቅነቅና ማስወረድ ይፈልጋል።

ማሽኑ ላይ ግን ሲኒ አስቸጋሪ ዕቃ ነው፣ አልደብቃችሁም። አፉ በኩል ላስቲኩ የሚይዘው የለም፤ አፉን የሚሞላ ክብ ስፖንጅ ወይ ቡሽ ቆርጣችሁ መሐሉ ላይ ማስገባት ግድ ነው። ክንዱ ደግሞ የሚሄደው በቅስት ነው፣ የሲኒ ግድግዳ ግን ወደ አፉ እየሰፋ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ማርከሩ መሐል ላይ ተጭኖ ዳር ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይ የዚያ ግልባጭ። ሆዱ ላይ ባለ ጣት በምታህል ቀበቶ ውስጥ ያለ ሥዕል ብቻ ነው አስተማማኝ የሚሆነው። ከንፈር የሚነካውን ጠርዝ ደግሞ ጭራሽ አትሳሉበት፤ ቡናው የሚጠጣው በአፍ ነው።

አሁን ስለ ገበያው። እዚህ ስም ያላቸውን ማርከሮች በቀላሉ አታገኟቸውም፣ ስታገኟቸውም ሁሉም እውነተኛ አይደለም። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ የጀርመን ነው» አለኝ። ልሞክረው ስል «ከተከፈተ ተሸጠ» አለኝ። ቤት ስከፍተው ደርቋል፤ ስመልስለትም «አንተ አደረቅከው» አለኝ። ሱቁን መጥቀስ አልፈልግም፣ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ ስላልሆነ። ከዚያ ወዲህ ያላስሞከረኝን አልገዛም። ሐሰተኛውን ለመለየት እኔ የማየው ጽሑፉን ነው፤ ገላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ ቶሎ ከተነሳ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ቀጭ ካላለ፣ እጠራጠራለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ማርከር ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ አይከብድም። ሽቶና ጫማ ከማስመጣት ይቀላል፣ ለማስረዳት ነው የሚከብደው። አክስቴ እስካሁን «እኛ አገር እስክሪብቶ ጠፋ?» ትለኛለች።

ስም የሌላቸውን በጅምላ አትናቁ ግን። «የሲዲ ማርከር» ተብለው የሚሸጡት ባለ ሁለት ጫፍ፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን የሆኑት፣ አንዳንዶቹ እንቁላል ላይ አሪፍ ይጽፋሉ። ችግራቸው ዛሬ የገዛችሁትና በሚቀጥለው የምትገዙት አንድ አለመሆኑ ነው፤ ቀለሙ ይለያል፣ የጫፉ ውፍረት ይለያል። ለልምምድና ለልጆች ይሆናሉ። ሰው የከፈለበት ሥራ ላይ ግን አላስገባቸውም። የኋይትቦርድ ማርከርማ አታስቡት፣ በደረቅ ጨርቅ እንዲጠፋ የተሠራ ነገር ነው።

ማሽኑ ማቀፊያ ላይ ስትገጥሙት ደግሞ የማርከሩን ገላ ውፍረት አስቡበት። ሻርፒና ሉሞከለር ውፍረታቸው ይለያል። አንድ ሥዕል ላይ ሁለቱን ካቀላቀላችሁ የጫፉ ቦታ ከመሐል ይዛወርና ቀለሞቹ አይገጥሙም፤ ቀይ ጽጌረዳው ከጥቁር ጠርዙ ወጥቶ ይቆማል። ለአንድ ሥዕል አንድ ዓይነት ማርከር፣ ቀለሙ ብቻ ይለወጥ። የግድ ማቀላቀል ካለባችሁ ቀጭኑን በፕላስተር እየጠቀለላችሁ አወፍሩት።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚረጭ ቫርኒሽ ይቀባል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ የተለፋበት ሥራ ገደል የሚገባው። የቫርኒሹ ማሟሟያ የሻርፒንም የሉሞከለርንም ቀለም ያስለቅቃል። ተጠግታችሁ አንዴ በደንብ ከረጫችሁት ጥቁሩ ሐምራዊ ሆኖ ሲወርድ ዓይናችሁ እያየ ነው። ከሩቅ፣ እንደ ጉም በስሱ፣ ይድረቅ፣ እንደገና በስሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽፋኖች ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ስስ ይሁኑ። ማይክሮን ከደረቀ ይህን ችግር የለበትም፣ ፖስካም በአብዛኛው ይችለዋል።

የሚበላ እንቁላል ላይ ግን በእነዚህ በአንዳቸውም አትሳሉ። ቅርፊቱ ቀዳዳ ነው ብያለሁ፣ ይሰርጋል። ለፋሲካ ልጆች እንዲበሉት ከሆነ በምግብ ቀለም የተሞላ ማርከር አለ፣ ኬክ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት። መስመሩ ትንሽ ይበተናል፣ ለመድረቅም ይዘገያል፣ ስለዚህ ቀለል ያለ ሥዕል ስጡትና ማሽኑን በዝግታ አስኪዱት። ለዶሮ ወጡ የተቀቀለውን ደግሞ እናት ሳታይ ከማሽኑ ላይ አውርዱት።